የአፋፉ ሚካኤል ጠፍር

መተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ከኋላዬ «ደሴ ዕቃ አይሸጥም፣ ዕቃ ያማል» እያሉ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ! ሰው የሞተር ቺንጊያ አንስቶ ሲያገላብጥ እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። «ተው ወንድሜ፣ እሱ መኸሩን አያደርስህም» የሚለው ቃል ከአፌ ያመልጠኛል። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ግንባሯን ትመታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ነጋዴ ነህ ወይስ የንስሐ አባት?» ትለኛለች።

እንዲህ ያለ ሰው ያደረገኝን ነገር ነው ዛሬ የማጫውታችሁ። ጠቅላላው ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ካለፈ ሃያ ዓመት ተሻግሯል፤ ሳስበው ግን አሁንም እጄን ያልበኛል።

የተወለድኩት ቆላ አይደለም። ከነጋዴ ባሕር ከተማ በላይ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት አፋፍ ሥር ባለች መንደር ነው። ከመንደራችን ራስጌ ቀጥ ያለ ገደል አለ። ገደሉ አናት ላይ አፋፉ ሚካኤል ተቀምጧል። መቼ እንደተሠራ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌዎቹ «በነገሥታቱ ዘመን» ይላሉ፣ ከዚያ አልፋችሁ ከጠየቃችኋቸው ይቆጣሉ። መውጫው አንድ ብቻ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ካለች አሮጌ ወይራ ታስሮ የተንጠለጠለ፣ ሠላሳ ክንድ የሚሆን የቆዳ ጠፍር። ወንዱ በዚያ እየተንጠላጠለ ይወጣል። ሴቶቹ ከታች ሆነው ያስቀድሳሉ፣ ጸበሉ በቅል ይወርድላቸዋል።

ጠፍሩን የሚሠሩት አባቴ ነበሩ። ከሳቸው በፊት አያቴ፣ ከአያቴ በፊት የአያቴ አባት። በየሰባት ዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አዲስ ጠፍር ይታሰርና አሮጌው ይወርዳል። ሕጉ አጭር ነው፤ የሠራ ይውጣበት። ጠፍሩን የፈተለው ሰው፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው፣ የወገብ ገመድ ሳያስር መጀመሪያ ይወጣል። እሱ ደህና ከደረሰ ሌላው ይከተላል። ደግሞም ጤዛ የነካው ቆዳ ስለሚያንሸራትት ፀሐይ የገደሉን ፊት እስክትነካ ይጠበቃል። ገደሉ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ይህ የሚሆነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው።

አባቴ ቆዳ ሲመርጡ በምላሳቸው ይልሱ ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ በጣም እስቅ ነበር። «ዓይንን ማታለል ይቻላል፣ ምላስን ግን አይቻልም» ይሉኛል ምንም ሳይቀየሙ። ከሳቸው በኋላ ተራው የኔ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ተነሥቼ ቆላ ወረድኩ። ትራክተር እያለ ማን ቆዳ ሲፈትል ይኖራል!

ያኔ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ መተማ ቆላ ላይ ኦፕሬተር መሆን ዛሬ ፓይለት እንደመሆን ነው። ጥቁር መነጽር ገዛሁ። አንገቴ ላይ ቀይ ሻሽ ጠመጠምኩ። ከጎንደር የመጡት የእርሻው ባለቤት ጋሽ ተገኘ «ደሴ እጁ ወርቅ ነው» ሲሉኝ ደረቴ ልብሴን ሊቀድ ይደርሳል። አባቴ ተቀይመውኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ መልእክት አልላኩብኝም፣ እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አልላክሁም።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ለአጨዳ የወረደ የመንደራችን ሰው እርሻው ድረስ መጣና የአባቴን ቃል ነገረኝ።

«አባትህ እንዲህ ብለዋል። ‹በሽታ ከብቱን ፈጅቶታል። በበሽታ የሞተ ከብት ቆዳ ለሚካኤል አይሆንም። ዘንድሮ የጠፍሩ ዓመት ነው። አንድ የበሬ ቆዳ ላክልኝ። ጨው ያልነካው፣ በፀሐይ የደረቀ ይሁን። ሌላ ካንተ የምፈልገው የለም።›»

በሦስት ዓመት የጠየቁኝ አንድ ነገር ይኸው ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም። በሰዓቱ ካልታጨደ አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ሌት ተቀን ሠራተኛ አመላልሳለሁ፣ ውሃ አመላልሳለሁ። ትኩስ ቆዳ ለማግኘት ደግሞ በሬ የሚታረድበትን ቀን መጠበቅ፣ ቆዳውን በችካል ወጥሮ ማድረቅ፣ ጧትና ማታ ማገላበጥ፣ ከጅብና ከውሻ መጠበቅ አለ። ማን ጊዜ አለው? በአንድ የገበያ ቀን ሐጂ ኢድሪስ መጋዘን ገባሁ። ሐጂ በገንዳ ውሃ የታወቁ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፣ ቆዳውን በጨው አሽተው ከምረው ለፋብሪካ ይልካሉ።

«ያ ዞል፣ ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ፤ ወንዱን ሁሉ በሱዳኖቹ አጠራር «ያ ዞል» ነው የሚሉት።

«ለጠፍር ነው ሐጂ።»

«ለጠፍርማ አይሆንም። ይኼ ጨው በልቶት፣ ካምና ጀምሮ እዚህ ሙቀት ውስጥ የተኛ ነው። ላዩን አትይ። ወላሂ፣ ለመተኛ ካልሆነ አልሸጥልህም።»

«እንግዲያው ለመተኛ ነው» አልኩና ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሁለት ቆዳ ወሰድኩ። አንዱን ወንዝ ወስጄ ሦስት ጊዜ አጠብሁት። በፀሐይ አደረቅሁት። እስኪያብለጨልጭ ድረስ የሰሊጥ ዘይት ቀባሁት። ሲታይ እንዴት ያምራል! «ጨው ያልነካው ነው በላቸው» ብዬ ለሚመለስ ሰው ሰጠሁ። ሁለተኛውን በቁመቱ ቀድጄ የተሳቢዬ ማሰሪያ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩን ረሳሁት።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ጧት ተሳቢው ላይ የሰሊጥ ጆንያ ጭነን ወደ መጋዘን ስንሄድ ነው። አንዲት ቦይ ስሻገር ከኋላዬ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጆንያው እየተንከባለለ ይወርዳል። ጭነቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ጎጃሜው ሠራተኛ፣ አያ ሙሉ፣ ዘሎ ወርዶ ተረፈ። የተበጠሰውን ማሰሪያ አንሥቶ አየውና በጣቱ ፈተፈተው። እንደ ደረቀ ድርቆሽ ፍርፍር አለ።

«ኧረ በማርያም! ይችማ ቆዳ አይደለችም» አለኝ። «ላይዋ ደኅና ይመስላል፣ ውስጧ አልቋል። ሰው ቢንጠለጠልባት ኖሮስ?»

ምንም ሳያውቅ ነው የተናገረው። እኔ ግን የላክሁት ቆዳ ትዝ አለኝ። መሪውን ይዤ እንደቆምኩ ቀን ቆጠርኩ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። ነገ አባቴ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ የወገብ ገመድ ሳያስሩ በዚያ ቆዳ ይንጠለጠላሉ። ያኔ ሞባይል የለም። መንደሩ ስልክ ቀርቶ መኪና አይደርስበትም።

ጋሽ ተገኘ ጋ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ አገሬ መሄድ አለብኝ።»

«ጭነት መሬት ላይ አፍስሰህ? አብደሃል?»

«የሞት ነገር ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ዛሬ ከሄድክ ትራክተሩን ለሌላ እሰጣለሁ፣ አትቀየመኝ።» ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ያን ቁልፍ እንደ ሰንደቅ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ የምዞር ሰው ነበርኩ።

እርሻው ሩቅ ስለሆነ ገንዳ ውሃ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። አንድ አይሱዙ ለምኜ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫ ጎማ የለውም፣ እየለጠፈ ሰዓት በላ። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ መሸ። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አድሬ ሊነጋጋ ሲል በእግሬ ዳገቱን ያዝኩ። የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ዓመት ትራክተር ላይ የተቀመጠ እግር ዳገት ረስቶ ቆየኝ። ጥቁር መነጽሬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

እየሄድኩ ንግግሬን አዘጋጃለሁ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቆዳው…» እላለሁ። ከዚያ ሕዝቡ ይታየኛል። የጠፍር ሠሪው ልጅ ለሚካኤል የበሰበሰ ቆዳ ላከ ሲባል ይሰማኛል። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገታቸውን ሲደፉ ይታየኛል። ንግግሬን ትቼ እሮጣለሁ።

በቤታችን በኩል ሳልፍ ሰው የለም፣ ሁሉም ወደ ገደሉ ሄዷል። ከበሽታው የተረፉት ሁለት በሬዎች፣ ዳልቻና ቦራ፣ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር። ደጅ ላይ ዳልቻ ብቻውን ይግጣል። ቦራን፣ ያን ግንባሩ ነጭ በሬ፣ እናቱ ሞታ በቅል ወተት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ለጎረቤት አውሰውት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ገደሉ ሥር ስደርስ ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። ነጭ በነጭ ነው። ቀና ስል ፀሐይዋ የገደሉን ጫፍ ነክታ ቀስ እያለች ትወርዳለች። አዲሱ ጠፍር ቡናማ ሆኖ ተንጠልጥሏል። አሮጌው ወርዶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ቆመዋል። እንዴት አርጅተዋል! ሦስት ዓመት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አላሰብሁም።

በዋዜማው በአሮጌው ጠፍር ወጥተው ያደሩት ቄሰ ገበዝ ከላይ፣ ከወይራዋ ሥር ሆነው ጮኹ። «ጠፍሩን ማን ሠራው?»

«እኔ!» አሉ አባቴ።

«የሠራ ይውጣበት!»

ሰውን እየገፋሁ ገባሁ። አባቴ አዩኝ። ላብ በላብ ነኝ፣ አቧራ ለብሻለሁ። «መጣህ?» አሉኝ። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየ፣ የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አፌን ከፈትሁ። «አባባ፣ ቆዳው…» ልል ነው። ዙሪያዬን ሳይ አክስቴ አለች፣ አብሮ አደጎቼ አሉ፣ ልታገባኝ ታስባ የነበረች ልጅ እንኳ አለች። ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

«አባባ፣ እኔ ልውጣ» አልኩ።

ሰው አጉረመረመ። ቄሰ ገበዙ ከላይ «ሕጉ የሠራ ይውጣበት ነው!» አሉ።

አባቴ ወደ ወይራዋ ቀና አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቆዳውን የላከው እሱ ነው። እኩል ሠርቷል። ይውጣ!» አሉ። እዚያው ልሙት አልኩ በልቤ። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው ደግሞ «በእጅህ አትሳብ፣ እግርህን ድንጋዩ ላይ እየተከልክ ውጣ» አሉኝ።

ጠፍሩን ያዝኩት።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ክንዶች እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ከዚያ ቆዳው ሲጠጥር ጢጥ፣ ጢጥ ይል ጀመር። አዲስ ጠፍር ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ ልጅ ሆኜ ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አያ ሙሉ በጣቱ ሲፈተፍተው ነው የሚታየኝ። «ሚካኤል ሆይ፣ እኔን እንጂ እሳቸውን አትንካ» እላለሁ። ሐሳቤ ከደረስኩ ጠፍሩን ከላይ በጥሼ ልጥለው ነው። ካልደረስኩም በሌላ ሰው አይሞከርም። ሁለቱም አባቴን ያድናል፣ ማንም ሳያውቅ።

መሐል ላይ ክንዴ ዛለ። ድንጋዩን ተደግፌ ስቆም ዓይኔ ወደ ምዕራብ ሄደ። ቆላው በሙሉ ከሥሬ ተዘርግቷል። የታጨደው የሰሊጥ ማሳ ቢጫ ሆኖ እስከ ሱዳን ድረስ ይታያል፣ እዚህም እዚያም ጭስ ይነሣል። ያን ያህል ያበጥሁበት አገር ከዚያ ላይ ሲታይ የመዳፍ ያህል ነው። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ደግሞ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ የቄሰ ገበዙ እጅ ብብቴን ያዘኝ። ከታች እልልታው ተነሣ። ድንጋዩ ላይ በደረቴ ተደፋሁ፤ ትንፋሼ ሲመለስ ቢላ ለመጠየቅ ቀና አልኩ። ወደ ታች ሳይ አባቴ ጠፍሩ ላይ ናቸው! ሳይጠብቁኝ፣ ሳላያቸው፣ አምስት ክንድ ወጥተዋል።

አሁን መደበቂያ የለም። «አባባ ይውረዱ!» ብዬ ጮኽኩ። «ይውረዱ! ቆዳው ጨው የበላ ነው! የከረመ ነው! ዋሽቼ ነው የላክሁት!»

ገደሉ ድምፄን መልሶ ለሕዝቡ ሁሉ አሰማው። እልልታው ጸጥ አለ። አባቴ ጠፍሩን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ እንዳልሰማ ሰው፣ መውጣታቸውን ቀጠሉ። እኔ እለምናለሁ፣ እሳቸው ይወጣሉ። እኔ ወይራዋን አቅፌ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው እግራቸውን አንድ በአንድ እየተከሉ ይወጣሉ።

ደረሱ። አጠገቤ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አሁን ነገርከኝ» አሉ።

«አባባ…»

«ገና ምላሴ ላይ ሳደርገው ነው ያወቅሁት። አንዴ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ብታጥበው ጨው አይወጣም። ጧት ጧት ሲያልበው ደግሞ ልጅም ያውቀዋል።»

«ታዲያ ይኼ የወጣንበት?»

«ቦራ ነው» አሉ።

ዞር ብዬ ጠፍሩን አየሁት። በቅል ወተት ያሳደግሁት በሬ። ከብት ባለቀበት ዓመት፣ ከቀሯቸው ሁለት በሬዎች አንዱን አርደው ነው። ለሰው «እግሩ ተሰብሮ ነው» ብለው ነበር። የኔን ነውር ሊሸፍኑ እሳቸውም ዋሽተዋል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ምነው ቢልኩብኝ? እዚያ ተንጠልጥዬ ነፍሴ ስትወጣ እያዩ!»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ሁለት ወር ጠበቅሁህ። ታች ሆኜም ጠበቅሁህ። እንደሚበጠስ እያመንክ ስትወጣ አየሁህ። ደሴ፣ ልጄ፣ አንተ ሞትን አልፈራህም። ሰውን ነው የፈራኸው።»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። ቄሰ ገበዙ ሁሉንም ሰምተው ነበርና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባትና ልጅ ሁለታችሁም ንስሐ አለባችሁ» አሉን። የኔ ንስሐ ሳምንት ሙሉ በዚያው ጠፍር ውሃ ማውጣት ሆነ። የመንደሩ ሰው እስካሁን ድረስ «ደሴ ጨው» ይለኛል። ልጆቼ ሳይቀሩ ያውቁታል።

ጋሽ ተገኘ እንዳሉት ትራክተሩን ለሌላ ሰጥተው ቆዩኝ። በዓመቱ ግን ነገሩን ከሰው ሰምተው አስጠሩኝ። እየሠራሁ አንድ ወይፈን ገዛሁና ከገንዳ ውሃ ገበያ እስከ መንደራችን በእግሬ ነድቼ አደረስኩ። አባቴ ከፊት ከኋላ አዩት። «ግንባሩ ነጭ አይደለም» አሉኝ፣ ሌላ ስህተት አላገኙበትም። ከዚያ በኋላ በየክረምቱ መጨረሻ እየወጣሁ ቆዳ መፈተል ተማርኩ። የሚቀጥለውን ጠፍር አብረን ሠራነው፣ በሱ የወጣሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ የሳቸው ጉልበት ደክሞ ነበር።

ዛሬ አፋፉ ሚካኤል የብረት መሰላል አለው። ሴቶቹም ይወጣሉ፣ ደስ ይላል። ጠፍሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባቴ ካረፉ ቆይቷል። እኔ ግን በኅዳር ሚካኤል መሰላሉን ስወጣ እግሬን ድንጋይ ላይ ልተክል እፈልጋለሁ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚለውን ድምፅ ጆሮዬ ይጠብቃል። በዚያ ገደል ሥር ነጠላቸውን ታጥቀው «መጣህ?» የሚሉኝን ሰው አጣለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከአፋችሁ ሊወጣ ያልቻለ ነገር ካለ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው ቆሞ ሳለ ንገሩት። የኔ አባት ቆመው ጠበቁኝ፣ ሁሉም አባት ግን እንደዚያ አይጠብቅም።

ያ የላክሁት ቆዳስ አትሉኝም? አባቴ አልጣሉትም። ቁርበት አድርገው እስኪሞቱ ተኙበት፤ ሐጂ ኢድሪስ እንዳሉት ለመተኛ ሆነ። ዛሬ እኔ ቤት ነው ያለው። ክረምት ሲገባ ያልበዋል። ሚስቴ «ኧረ ይኼን ነገር ጣልልኝ» ትላለች። እኔ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ማንም ሳያየኝ ጎንበስ እልና በጣቴ ነክቼ እቀምሰዋለሁ። እስካሁን ድረስ ጨው ነው።